የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ከደሴ ወደ ሞምባሳ፣ የወጣት ሚሽነሪ የመጀመሪያ ወራት

ጥያቄ፦ «ሰላም ለእናንተ ይሁን። ተወልጄ ያደግሁት ደሴ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ለ2 ዓመት ወደ ኬንያ የባሕር ዳርቻ፣ ሞምባሳ አካባቢ ልትልከኝ ወስናለች። በወጣቶች ኅብረት ሳስተምር ስለቆየሁ እንደደረስኩ በአስተርጓሚ መስበክ ልጀምር፣ ስዋሂሊውን ደግሞ ጎን ለጎን ልማር አስቤያለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ? — ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ»

መልስ፦ ወንድማችን፣ ስብከቱን ቢያንስ ለ3 ወር አቆየው። በአስተርጓሚ የጀመረን ሰው ሕዝቡ እንደ እንግዳ ሰባኪ ያየዋል። አንዴ መድረክ ላይ ከቆመ በኋላ ደግሞ ገበያ መሀል እንደ ሕፃን እየተሳሳተ ለመናገር ያፍራል፤ ቋንቋ ደግሞ ሳይሳሳቱ አይለመድም። የተቀባዪቱ ቤተ ክርስቲያን መጋቢ በመጀመሪያው እሑድ «ቋንቋችንን ሊማር የመጣ ወንድም ነው» ብለው እንዲያስተዋውቁህ ከወዲሁ ለምናቸው። ይህች አንዲት ቃል ብዙ በር ትከፍትልሃለች።

ቀንህን እንዲህ ክፈለው። ጠዋት ለ2 ሰዓት ያህል ከአስተማሪ ጋር፣ ከሰዓት በኋላ ለ2 ሰዓት ያህል ሰፈርና ገበያ። ጠዋት በዚያው ቀን የምትፈልጋቸውን 3 ወይም 4 አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ጠይቅ («ቲማቲም ስንት ነው?»፣ «ቋንቋ እየተማርኩ ነው»)፣ በአስተማሪው ድምፅ ስልክህ ላይ ቅዳ፣ ምላስህ እስኪላመድ ደጋግመህ በል። ከሰዓት በኋላ እነዚያኑ ለ20 ሰው ንገራቸው። የሰው መልስ ነው ቀጣዩን ትምህርት የሚሰጥህ፤ ማታ ያልገባህን በደብተር ጽፈህ ጠዋት ይዘህ ሂድ። አብዛኛው ሰው የሚወድቀው አስተማሪ ሲመርጥ ነው። እንግሊዝኛ የሚያቀላጥፍ ወጣት ከያዝክ ሰዓቱ በእንግሊዝኛ ጨዋታ ያልቃል። ታጋሽና ቀስ ብሎ የሚናገር ጎልማሳ ፈልግ፣ ክፍያውንም ገና ሳትጀምሩ ተነጋገሩ።

ስዋሂሊ ስሞችን በምድብ ይከፍላል፤ የስሙ መነሻ ሲለወጥ ቅጽሉም አብሮት ይለወጣል። «ኪታቡ ኪዙሪ» ጥሩ መጽሐፍ ነው፣ «ቪታቡ ቪዙሪ» ጥሩ መጻሕፍት። «ምቱ» ሰው፣ «ዋቱ» ሰዎች። ስለዚህ ስምን ለብቻው አታጥና፤ ነጠላውንና ብዙውን አንድ ላይ ያዝ። ይህን ለበኋላ ያለ ሰው ዓመት ሙሉ ሲያርም ይኖራል።

ወሎዬ በመሆንህ ያለህን ስንቅ ግን አትናቀው። ከሙስሊም ጎረቤት ጋር ቡና እየጠጣህ የሰማሃቸው የዐረብኛ ቃላት ስዋሂሊ ውስጥ ይጠብቁሃል። «ሳዳካ» እዚያ በቤተ ክርስቲያን የሚሰጥ መባ ነው፣ «ኢባዳ» የእሑድ አምልኮ፣ «ኢንጂሊ» ወንጌል፣ «ኢማኒ» እምነት፣ «ባራካ» በረከት። ሰደቃ የሚለውን ቃል ከመጅሊስ ጋር ብቻ አያይዞ ላደገ ጆሮ፣ መጋቢው ከመድረክ «ሳዳካ» ሲሉ መስማት መጀመሪያ ያስደነግጣል፤ የሁለቱም እምነት ሰዎች የሚጠቀሙበት ቃል ነው።

ሰዓቱም እንደኛ ነው። ስዋሂሊ ሰዓትን የሚቆጥረው ከፀሐይ መውጫ ስለሆነ «ሳ ታቱ አሱቡሂ» ሲሉህ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ማለታቸው ነው። ያንኑ ቀጠሮ በእንግሊዝኛ ከነገሩህ ግን «ዘጠኝ» ይሉሃል። በየትኛው ቋንቋ እንደተቀጠርክ ልብ በል፤ ከዘገዩ አዲስ መጪዎች ብዙዎቹ የሚስቱት እዚህ ላይ ነው።

በዕድሜ ለሚበልጥህ «ሺካሞ» በል፣ «ማራሃባ» ይሉሃል። ደጅ ቆመህ እኛ «ቤቶች!» እንደምንለው እዚያ «ሆዲ!» ይባላል፤ «ካሪቡ» ሳትባል አትግባ። ሥጋን በተመለከተ ከመሄድህ በፊት ከላኪ ሽማግሌዎችህ ጋር ቁርጡን ተነጋገር። ወሎ ውስጥ የክርስቲያንና የእስላም ሥጋ ተለያይቶ ነው የሚኖረው፤ በዚያ የባሕር ዳርቻ ግን ክርስቲያኑ ሙስሊም ያረደውን ሳይጠይቅ ይበላል። አስተናጋጅህ ማዕድ ካቀረቡልህ በኋላ መወሰን ቤተሰቡን ያሳፍራል።

ጥያቄ፦ «ለተመሳሳይ አገልግሎት ከባለቤቴ ጋር እየተዘጋጀን ነው። በወረቀትና በጤና በኩል ሰው የሚሳሳተው ምኑ ላይ ነው? — ከኮምቦልቻ»

መልስ፦ በወረቀት በኩል ስህተቱ ሁልጊዜ ስምና ቀን ላይ ነው። ቅጽ ላይ የቤተሰብ ስም ሲጠይቋችሁ ፓስፖርታችሁ ላይ እንደተጻፈው ፊደል በፊደል ሙሉ፤ አንዱ ቦታ የአባት፣ ሌላው ቦታ የአያት ስም ከገባ ሁለት ሰው ትሆናላችሁ። ባልና ሚስት የተለያየ የአባት ስም ስላላችሁም የጋብቻ ምስክር ወረቀታችሁን አስተርጉማችሁ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አረጋግጣችሁ ያዙ። የልደት ቀንን በግምት አትቀይሩ። ጥር 1 ቀን 1992 ጃንዋሪ 10 ቀን 2000 ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረው ጳጉሜ 6 ቀን ስለነበረው አንድ ቀን ይገፋል፣ ብዙ ሰው ግን 9 ብሎ ይጽፋል። ፓስፖርቱ የተሳሳተ ቢሆን እንኳ ሌላው ሰነድ ሁሉ ከእርሱ ጋር ይስማማ፣ ካልሆነም ከመነሣታችሁ በፊት ፓስፖርቱ ይታረም።

በጎብኚነት ገብቶ ማገልገል አይቻልም። ኬንያ ለሃይማኖትና ለበጎ አድራጎት አገልግሎት የምትሰጠው ፈቃድ «ክላስ አይ» ይባላል፤ ማመልከቻውን ከዚያ በኩል በሕግ የተመዘገበው ተቀባይ ተቋም እንዲጀምር ወራት ቀድማችሁ ወትውቱ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ የሚጸናው ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ በመጨረሻው ሳምንት የሚከተብ ሰው አየር ማረፊያ ላይ ይቸገራል።

ጤናን አጥብቀን የምንናገረው ስለ ወባ ነው። ኮምቦልቻ ወባ ይታወቃል፤ ደሴና ከዚያ በላይ ያለው ደጋ ግን በሽታውን የመከላከል አቅም ያልያዘ ሰው ነው የሚያወጣው። ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ የተባለው ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ በ1842 እ.ኤ.አ. ከአንኮበር ወደ ምፅዋ ሲጓዝ እዚሁ ወሎ ላይ ተዘርፎ ከሞት ተርፏል። በ1844 ሞምባሳ ሲደርስ ግን በጥቂት ወራት ውስጥ ሚስቱንና አዲስ የተወለደች ልጁን በንዳድ ተነጠቀ። ያንን ሐዘን ይዞ ቋንቋውን ተማረ፣ በ1850ም የስዋሂሊ ሰዋስው አሳተመ። ዛሬ ምርመራውም መድኃኒቱም አለ፤ የሚገድለው መዘግየት ነው።

አጎበሩን በየማታው ከፍራሹ ሥር አጣጥፋችሁ አስገቡ፤ ስታጥቡት ጥላ ላይ አስጡት፣ ፀሐይ መድኃኒቱን ያዳክመዋል። ከደረሳችሁ ከ7ኛው ቀን ወዲህ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም ራስ ምታት ከመጣ «ጉንፋን ነው» ብላችሁ አታሳድሩት፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ደም ተመርመሩ። ኮአርተም የተባለው የወባ መድኃኒት ከታዘዘ ለአዋቂ 24 ፍሬ በ3 ቀን ነው፦ 4 ፍሬ ወዲያው፣ 4 ከመጀመሪያው 8 ሰዓት ቆይቶ፣ ከዚያ ለ2 ቀን ጠዋትና ማታ 4፣ 4። ወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ዋጡት፤ በባዶ ሆድ ሰውነት በደንብ አይቀበለውም። በ2ኛው ቀን ስለተሻላችሁ ማቋረጥ በሽታውን ይመልሰዋል። እርጉዝ ከሆናችሁ ወይም እርግዝና ካሰባችሁ ገና ሳትነሡ ሐኪም አማክሩ። ለዕረፍት ወደ ወሎ ስትመለሱም ካተኮሳችሁ «ከባሕር ዳርቻ ነው የመጣሁት» ማለትን አትርሱ፤ ካልተናገራችሁ ደጋ ላይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ተስቦ ነው።

ጥያቄ፦ «ልጄ ለአገልግሎት ከሄደ 2 ወር አለፈው። መጀመሪያ ደስተኛ ነበር፣ አሁን ስደውል ድምፁ ቀዝቅዟል። አያቱም በጠና ታመዋል፣ አልነገርኩትም። ምን ላድርግ? — ከሐይቅ»

መልስ፦ እናታችን፣ ከ6ኛው ሳምንት እስከ 3ኛው ወር ድረስ መቀዝቀዝ የተለመደ ነው። አዲስነቱ ያልቃል፣ ቋንቋው ገና አልገባም፣ ሰውነትም ሙቀቱን አልለመደም። ሰዓታችሁ አንድ ስለሆነ በሳምንት 2 ቀን፣ በታወቀ ሰዓት ይደውሉለት። «መቼ ነው የምትመጣው?» ከማለት ይልቅ ምን እንደበላ፣ ማንን እንደተዋወቀ ይጠይቁት። እንቅልፍና ምግብ ለ2 ሳምንት ከተቋረጠ፣ ወይም ስልክ ጨርሶ ማንሳት ካቆመ፣ ለላኪ ቤተ ክርስቲያኑ መጋቢ ዛሬውኑ ይንገሩ። የመመለሻ ትኬቱ ገንዘብ በልጁ እጅ ሳይሆን በላኪዋ ቤተ ክርስቲያን መቀመጥ ያለበትም ለእንዲህ ያለው ቀን ነው።

የአያቱን ሕመም ይንገሩት። መርዶ መደበቅ ከፍቅር የመጣ ልማዳችን ነው፤ ዛሬ ግን የአጎት ልጅ ፌስቡክ ላይ «ነፍስ ይማር» ብሎ ሲጽፍ እርሱ ብቻውን በሌሊት ያነበዋል። ካሁኑ ተስማሙ፦ ክፉ ቢመጣ ለልጁ በስልክ አይነገርም፣ መጀመሪያ እዚያ ላሉት መጋቢ ይደወላል፣ እርሳቸውም ጠዋት ሁለት ሦስት ሰው ይዘው ቤቱ ሄደው ያረዱታል፤ ያን ቀንና ሌሊቱን ብቻውን አይተዉትም። ለእርስዎም ከዚያ በኋላ ይደውልና አብራችሁ ታለቅሳላችሁ።