በረዶ ዋልታ ላይ እንዴት ጠብቆ ድፍን ይሆናል? ጥያቄና መልስ

መልስ የሚሰጡት ደብረ ማርቆስ ውስጥ ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ የኖሩ መምህር ናቸው።

ከብቸና፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። በግሪንላንድና በአንታርክቲካ የሚወርደው በረዶ ድፍን የሚሆነው በክብደቱ ብቻ ነው?

መምህር፦ ጤና ይስጥልኝ። ክብደት ብቻ አይደለም። ላይኛው ሽፋን በሜትር ኩብ 350 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ የሚበዛው አየር ነው። ቅንጣቶቹ መጀመሪያ ሹል ጫፋቸውን ያጣሉ፤ ከዚያ ቁና ሲነቀነቅ እህሉ እንደሚጠጋጋ ሁሉ እየተንሸራተቱ ይጠጋጋሉ። ይህ በሜትር ኩብ 550 ኪሎ ግራም አካባቢ ሲደርስ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ በተነካኩበት ይጣበቃሉ፤ ጫናውም ቅርጻቸውን ይለውጣል። 830 ገደማ ላይ የአየር መተላለፊያው ይዘጋል። እስከዚህ ያለው ሽፋን ፊርን ይባላል። ከዚህ በታች የታሰሩት አረፋዎች እየተጨመቁ ወደ 917 ይጠጋል።

ከቡሬ፦ ስንት ሜትር ላይ ነው የሚዘጋው?

መምህር፦ የት? ቦታ ሳትጠቅሱ ጥልቀት አትጠይቁ።

ከሞጣ፦ ጮቄ ላይ የሚወርደውስ? ነጭ ሆኖ የሚያድርበት ጊዜ አለ።

ከዳንግላ፦ ጮቄ ከራስ ዳሸን ጋር አይወዳደርም።

ከሞጣ፦ ወንድሜ፣ ጮቄ አድረህ ታውቃለህ?

ከዳንግላ፦ ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው፤ ማደር አያስፈልገኝም።

መምህር፦ ክርክሩን ለሌላ ቀን አቆዩት። ሁለቱም ጋ የወረደው ከዓመት ዓመት ሳይደርስ ይቀልጣል። የዘንድሮው በመጪው ዓመት በረዶ ካልተቀበረ ፊርን የለም።

ከደጀን፦ መምህር፣ የአየሩ መዘጋት ምን ይጠቅመናል?

መምህር፦ እኔን የያዘኝ ይኸው ነው! መተላለፊያው እስኪዘጋ ድረስ አየሩ ከላይኛው ጋር ይቀላቀላል። ስለዚህ አረፋው ውስጥ ያለው አየር ከከበበው በረዶ ያነሰ ዕድሜ አለው። በግሪንላንድ ከፍተኛ ቦታ መዘጊያው ከ70 እስከ 80 ሜትር ላይ ነው፤ የዕድሜው ልዩነትም 200 ዓመት ገደማ ነው። በአንታርክቲካ ቮስቶክ በተባለው የምርምር ጣቢያ ጥልቀቱ 100 ሜትር ገደማ ሆኖ ሳለ ልዩነቱ ሺዎች ዓመታት ነው። ብርዱ ከዜሮ በታች 55 ዲግሪ ገደማ፣ የሚወርደውም እጅግ ጥቂት ስለሆነ በረዶው እስኪጠብቅ ረጅም ጊዜ ይወስዳል። ይህን ሳያሰላ ከአረፋው የሚለካውን የጥንቱን ካርቦን ዳይኦክሳይድና ከበረዶው የሚገመተውን የጥንቱን ሙቀት ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ሰው የቱ እንደቀደመ ሊናገር አይችልም። በረዶውንና አየሩን በአንድ ዕድሜ አትቁጠሩ!

ከቡሬ፦ ታዲያ በአጠቃላይ ስንት ሜትር ነው?

መምህር፦ አጠቃላይ የለም። ከላይ የጻፍኩትን አንብብ።

ከባሕር ዳር፦ የግሪንላንድ ገጽ ዝቅ ብሏል ሲባል ሰማሁ፤ ቀለጠ ማለት ነው?

መምህር፦ የግድ አይደለም። ሳተላይት የሚለካው ከፍታን ነው፤ ፊርኑ ሲጠብቅ አንድ ኪሎ ሳይጎድል ገጹ ዝቅ ይላል። ስለዚህ መጥበቁ ተሰልቶ ይቀነሳል። መቅለጥ ግን የለም አላልኩም። በሐምሌ 2004 ዓ.ም. የግሪንላንድ ገጽ ከሞላ ጎደል በሙሉ ለቀናት ቀልጦ ነበር። እንዲህ ያለው ውሃ ወደ ፊርኑ ሰርጎ ሲረጋ ያለ ጫና ድፍን ንጣፍ ይሠራል። ንጣፉ ሲወፍር ቀጣዩን ውሃ አያሳልፍም፤ ውሃው ፊርኑ ውስጥ መቅረቱ ቀርቶ ወደ ባሕር ይፈስሳል።