ፍጥነት ሲበዛ ዘይት ለምን ይጎድላል?

ጥያቄ፦ በሰዓት 130 ኪሎ ሜትር ለረጅም ሰዓት ስነዳ የሞተር ዘይቴ ይጎድላል፤ በዝግታ ስነዳ ግን አይጎድልም። የሙቀት ጌጁም ከመሃል አያልፍም። ሞተሩ ደክሞ ይሆን?

መልስ፦ የግድ አይደለም። ፍጥነትዎ ከ100 ወደ 130 ሲያድግ አየሩን ለመሰንጠቅ የሚያስፈልገው ጉልበት ከእጥፍ ይበልጣል። ጌጁ የሚያሳየው የራዲያተሩን ውሃ ሙቀት ነው፤ ውሃው 90 ዲግሪ ላይ ቢረጋም ዘይቱ 120ን ሊያልፍ ይችላል። የጋለ ዘይት ይቀጥናል፤ ከፊሉ በፒስተን ሪንግ በኩል ሾልኮ ይቃጠላል፣ ከፊሉ ተንኖ በሞተሩ መተንፈሻ ወደ አየር ማስገቢያው ይሄዳል።

ከጉዞ በፊት መኪናውን ሜዳ ላይ አቁመው፣ ሞተሩ ከጠፋ ከ10 ደቂቃ በኋላ ዘይቱን በመለኪያ ዘንጉ ይለኩ። በብዙ መኪኖች ከታችኛው ምልክት እስከ ላይኛው 1 ሊትር ያህል ነው። ከላይኛው አያሳልፉ፤ ክራንክ ሻፍቱ ዘይቱን እየመታ አረፋ ያደርገዋል፣ የዘይት ግፊትም ይወርዳል። ታችኛው ምልክት ላይ ሆኖ መፍጠንም ክፉ ነው፤ ጥቂቱ ዘይት ሳይበርድ ይመላለሳል።

የመኪናው መመሪያ 5ደብሊው-30ንም 5ደብሊው-40ንም (የዘይት ውፍረት ደረጃዎች ናቸው፤ ባለ 40ው ሲግል ይበልጥ ወፍራም ነው) ከፈቀደ ለእንዲህ ያለ ጉዞ ባለ 40ውን ይምረጡ። ሞተሩ ቱርቦ ካለው ወዲያው አያጥፉት፤ ቆመው ነዳጅ ሳይረግጡ አንድ ሁለት ደቂቃ በሚኒሞ ይቆይ።

በ1000 ኪሎ ሜትር ከ1 ሊትር በላይ ከበላ ወይም ሰማያዊ ጭስ ካወጣ በመጀመሪያ የመተንፈሻውን ቫልቭ ያስፈትሹ፤ ርካሹ ጥገና እሱ ነው። ከዚያ ኮምፕሬሽን (ፒስተኖቹ የሚፈጥሩትን ግፊት) ያስለኩ።