መርከቧ ተዘረፈች፣ ተማረከች ወይስ ተወረሰች?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ስለ አሜሪካ የነጻነት ጦርነት አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። «በ1780 ስፔኖች የእንግሊዝን የንግድ መርከቦች ዘረፉ» ብዬ ብጽፍ ጓደኛዬ «ማረኩ በል» አለኝ። እኔ ግን የሚማረከው ሰው እንጂ መርከብ አይመስለኝም። የቱ ይሻላል? ከመንግሥት ፈቃድ አውጥተው የጠላትን መርከብ የሚያሳድዱትን የግል መርከቦችስ ምን ልበላቸው?

መልስ፦ ጓደኛህ ልክ ነው። «ምርኮኛ» ስንል ሰው ስለሆነ ነው የተምታታብህ። ግሱ ግን ሰው ብቻ አይልም፤ ታንክም መድፍም ሲማረክ በዜና ስንሰማ ነው የኖርነው። ከብትም ይማረካል፤ ዳዊት ከአማሌቃውያን ነጥቆ ያመጣውን መንጋ ሰዎቹ «የዳዊት ምርኮ» ነበር ያሉት።

«ዘረፈ» ካልክ ደግሞ ሳታስበው ፈረድክ ማለት ነው። ንብረቱ የጠፋበት የለንደን ነጋዴ «ተዘረፍኩ» ቢል አይገርምም፣ አንተ ግን ነጋዴው አይደለህም። ስፔን በ1779 ጦርነት አውጃለች። ነሐሴ 9 ቀን 1780 (በፈረንጆቹ) በስፔኑ አድሚራል በሉዊስ ደ ኮርዶቫ የሚመሩ የስፔንና የፈረንሳይ መርከቦች ከፖርቱጋል ጫፍ፣ ከኬፕ ሴንት ቪንሰንት ወዲያ በጦር መርከብ ታጅበው የሚጓዙትን የእንግሊዝ የንግድ መርከቦች አግኝተው 55 መርከብ ይዘው የስፔን ወደብ ወደሆነችው ካዲዝ አስገቡ፤ አጃቢዎቹ የጦር መርከቦች አመለጡ፣ አዛዣቸው ጆን ሙትሬይም በጦር ፍርድ ቤት ከአዛዥነቱ ተነሣ። የታወጀ ጦርነት፣ የመንግሥት ባሕር ኃይል፣ የጠላት ንብረት። ይሄ ምርኮ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

አንድ ግስ ግን ታሪኩን አይጨርስልህም። በዚያ ዘመን የተማረከ መርከብ ወዲያው የማራኪው አይሆንም ነበር። ወደብ ይገባል፣ ወረቀቱ ይመረመራል፣ ፍርድ ቤት የጠላት ነው ወይስ የገለልተኛ አገር ብሎ ይወስናል፣ የገለልተኛ ከሆነ መለቀቅ አለበት። የጠላት ነው ተብሎ ከተፈረደ በኋላ ነው «ተወረሰ» የምትለው። ይህን ቃል ደግሞ ለእኛ ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም፤ ከትርፍ ቤት አዋጅ ወዲህ በሕግ ስም መወሰድ ምን እንደሆነ እናውቃለን።

ከዚያ መርከቡና ጭነቱ ተሽጦ ገንዘቡ ለማራኪዎቹ ይከፋፈላል። ይህን እንግሊዞች «prize money» የሚሉትን «ሽልማት» ብለው የሚተረጉሙ አሉ፣ መርከበኞቹ ሎተሪ የደረሳቸው ይመስል! «የምርኮ ድርሻ» በለው። በነገራችን ላይ ድርሻው ቀላል አልነበረም። በ1762 ሁለት የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ከፔሩ ወርቅና ብር ጭና የምትመጣውን ሄርሚዮን የተባለች የስፔን መርከብ ማርከው ከ500 ሺህ ፓውንድ በላይ ተገኘባት፤ ለተራው መርከበኛ እንኳ 485 ፓውንድ ገደማ ደረሰው። በዚያን ጊዜ ይሄ የብዙ ዓመት ደመወዝ ነው።

ወደ ግል መርከቦቹ ልምጣ። የአሜሪካ ኮንግረስ በመጋቢት 1776 ነው የፈቀደላቸው፣ አሠራሩንም በ1856 የፓሪስ ስምምነት የፈረሙት አገሮች አስቀሩት። «የባሕር ወንበዴ» አትበላቸው፤ ልዩነቱ ያቺ የፈቃድ ደብዳቤ ናት፣ እሷ ከሌለች የመሰቀያው ገመድ ይጠብቃቸዋል። መጀመሪያ ላይ «የማረኪያ ፈቃድ ያላቸው የግል መርከቦች» ብለህ ዘርዝረህ ጻፍ፣ ከዚያ ወዲያ «ባለፈቃዶቹ» ይበቃል። አሳጥራለሁ ብለህ «ማራኪ መርከቦች» እንዳትል ብቻ፣ አንባቢው ስለ ውበታቸው የምታወራ ነው የሚመስለው።