ቆርቆሮ ሥር የከረመ ሆንዳ ይገዛል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሰባራ ባቡር ነው። ጎረቤታችን የነበሩ አባት ሲሞቱ አንድ ሆንዳ ሲጂ 125 ሞተር ሳይክል ትተው ነበር። ከዚያ ወዲህ ጓሮ ውስጥ ቆርቆሮ ሥር ቆሞ ከርሟል። አሁን ባለቤታቸው እትዬ ሊሸጡት ነው። የጠሩልኝ ዋጋ የአዲስ የህንድ ሞተር ግማሽ አይሞላም። ማስነሻውን ስረግጠው ግን ንቅንቅ አይልም። አባቴ "ለቆራሌው ይስጡት፣ አንቺ ገንዘብሽን ያዢ" ይለኛል። እኔ ደግሞ ልቤ ሄዷል። ገዝቼ ባሠራው ያዋጣል?

መልስ፦ እህቴ፣ ሊብሬው ካለና ወራሾቹ ከተስማሙ ግዢው። ሊብሬው ከሌለ ግን በነፃ ቢሰጡሽም እንዳትወስጂው። የሲጂ 125 ብረት ይድናል፤ የተበላሸ ወረቀት ነው የሚያስቸግረው።

ስለዚህ መፍቻ ከማንሳትሽ በፊት ሊብሬውን አስወጪና ከሞተር ሳይክሉ ጋር አመሳክሪ። የሻንሲው ቁጥር መሪው አንገት ላይ ተመትቷል። የሞተሩ ቁጥር ከታች ሞተሩ ጎን ላይ ነው። ሆንዳ የቆዩትን የዚህን ሞዴል ሻንሲዎች ቁጥር "ሲጂ125" ብሎ ይጀምር ነበር፤ የሞተሩን ደግሞ "ሲጂ125ኢ" ብሎ። ሁለቱም ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ መግጠም አለባቸው። ቁጥሩ የተሞረደ ወይም የተፋቀ ከሆነ እትዬን አመስግነሽ ውጪ።

ገጠመ እንበል። ሊብሬው በሟች ስም ነው፣ አይደል? እንግዲያው እትዬ ብቻቸውን ሊሸጡልሽ አይችሉም። ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ልጆች ካሉ እነሱም ውልና ማስረጃ ቀርበው ይፈርማሉ፤ መምጣት ያልቻለ ውክልና ይሰጣል። "አንቺ ውሰጂው፣ ወረቀቱን ቀስ ብለን እናስተካክላለን" ቢሉሽ እሺ እንዳትዪ። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። ይህ ሳያልቅ ቀብድም አትስጪ። ሞተር ሳይክሉ መጀመሪያ በዕርዳታ ድርጅት ስም ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ደግሞ ቀረጡ መከፈሉን አረጋግጪ።

አዲስ አበባ ውስጥ በ2011 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ የሞተር ሳይክል እገዳ ከወጣ ወዲህ ያለ ፈቃድ እንደ ልብ መንዳት ቀርቷል። ከፒያሳ ካዛንቺስ ሥራ ልመላለስበት ብለሽ ካሰብሽ መጀመሪያ የከተማው ትራንስፖርት ቢሮ ሄደሽ ለግል ሰው ምን እንደሚፈቀድ በአካል ጠይቂ። ሰፈር ውስጥ የሚወራውን ይዘሽ ገንዘብ አታውጪ።

አሁን ወደ ብረቱ እንምጣ። ይህን ሞተር በጣም እወደዋለሁ። ሆንዳ ሲጂ 125ን ያወጣው እንደ ፈረንጆቹ በ1976 ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ሲቢ 125 ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ ከላይ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ውስጥ ነበር። ዘይት በወቅቱ በማይቀየርበት፣ አቧራና ጭነት በሚበዛበት አገር ቶሎ አለቀ። መሐንዲሶቹ ይህን አይተው ዘንጉን ወደ ታች አወረዱት። ከዚያ ቀጫጭን ብረቶች ቫልቮቹን ከሥር እየገፉ ይከፍታሉ። የኋላ ጎማውን የሚያዞረውንም ሰንሰለት አቧራ እንዳይበላው ዙሪያውን በላሜራ ሸፈኑት። ማለትም እንደ እኛ ላለ መንገድና እንደ እኛ ላለ ጋራዥ ታስቦ የተሠራ ነው። የሚወስደው ዘይት እንኳ 1 ሊትር ገደማ ብቻ ነው። ቶሎ ቶሎ ለመቀየር ኪስ አይጎዳም።

ቻይናዎች በኋላ ይህንኑ ሞተር ቀድተው ዓለምን ሞሉት። ላንቺ የሚጠቅምሽም ይሄ ነው። ፒስተኑ፣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት)፣ የፍሪሲዮን ሸራው፣ ጓርኒሲዮኑ (በብረቶቹ መካከል የሚገባው ማሸጊያ) መርካቶ ተፈልጎ አይታጣም። ግን "የሲጂ ነው" ስለተባልሽ ብቻ አትግዢ። የ125ቱ ፒስተን ስፋት 56.5 ሚሊ ሜትር ነው። የቻይናው 150 ደግሞ 62 ነው። አሮጌውን ዕቃ በፌስታል ይዘሽ ሂጂ፣ ባንኮኒው ላይ አስቀምጪው፣ አጠገቡ አዲሱን አስለኪ።

ማስነሻው አለመንቀሳቀሱ አያስደንግጥሽ። ክረምት በገባ ቁጥር እርጥበት ሲሊንደሩ ውስጥ ገብቶ ፋሻውን አዝጎታል ብዬ እገምታለሁ፤ ነክሷል ማለት ነው። ጎረምሳ ጠርተሽ በእግሩ እንዳታስደልቂው። የማስነሻውን ማርሽ ይሰብርልሻል። ካንዴላውን (እሳት የሚጭረውን) ፍቺ። በቀዳዳው ጥቂት የሞተር ዘይት ከናፍጣ ጋር ቀላቅለሽ ጨምሪና ለተወሰኑ ቀናት ተይው። ከዚያ ትልቁ ማርሽ ውስጥ አስገቢና የኋላውን ጎማ በእጅሽ ወደ ፊት ወደ ኋላ አወዛውዢ። አብዛኛውን ጊዜ ይለቃል። ቢለቅም ወዲያው አታስነሺው፤ ሲሊንደሩ ወጥቶ ይታይ። የተጫረ ከሆነ ሬክቲፊካ ቤት (ሲሊንደር በማሽን የሚያስተካክሉበት) ተፍቆ ይሰፋል። ፒስተኑ በ0.25፣ በ0.50፣ በ0.75 እና በ1.00 ሚሊ ሜትር ተለቅ ተለቅ እያለ ይሸጣል። መጀመሪያ ፒስተኑን ግዢ፣ ሲሊንደሩ ከዚያ በፒስተኑ ልክ ይስፋ። ብዙ ሰው አስቀድሞ አስፍቶ ልኩን ፍለጋ ሲንከራተት አይቻለሁ።

ከመግዛትሽ በፊት ግን ሞተሩ ጎን ያሉትን ባለ መስቀል ብሎኖች ጎንበስ ብለሽ እያቸው። የጃፓን ብሎን መስቀሉ ከተለመደው ይለያል። ብዙዎቹ ራሳቸው ላይ የመርፌ ጫፍ የምታክል ነጥብ አለች። የተለመደው ካቻቢቴ በደንብ አይገባላቸውም፤ ይንሸራተትና መስቀሉን ይበላዋል። መስቀሉ ስለታም ሆኖ ከቆየ ያንን ሞተር ወይ ማንም አልከፈተውም፣ ወይ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው የከፈተው። ተበልቶ ክብ ጉድጓድ ከሆነ፣ በመሮ የተመታም ካለ፣ ውስጡን የጎረጎረው ሰው ስለ ሥራው አልተጨነቀም። ሻጭ ከሚነግርሽ ታሪክ ይልቅ እነዚያን ብሎኖች እመኚ።

ቀጥሎ የጎደለውን ቁጠሪ። እዚህ ላይ ጨካኝ ሁኚ። የተበላሸ ይሠራል፤ የጠፋ ግን ገንዘብ ይበላል። የሰንሰለቱ ሽፋን፣ የጎን ክዳኖቹ፣ የፊት መብራቱ ቤት፣ የቤንዚን ታንኩ ክዳን በቦታቸው አሉ? ታንኩን በስልክሽ መብራት ውስጡን እይው። ቀላል ዝገት ይታጠባል፤ ተበልቶ የሳሳ ላሜራ ግን ዛሬ ቢበየድ ነገ በሌላ ቦታ ያፈሳል። መሪውን ወደ ግራና ቀኝ አዙሪ፣ አንገቱ አካባቢ የብየዳ ጠባሳ ካለ ይቅርብሽ። የመብራቱ ሥርዓት 6 ቮልት ይሁን 12 ቮልትም ጠይቂ። የቆዩት 6 ቮልት ናቸው፤ ባትሪና አምፖል ሲገዛ እንዳትሳሳቺ።

ያዋጣል ወይ ላልሽው፣ ለትርፍ ከሆነ አያዋጣም። አሠርተሽ ብትሸጪው ያወጣሽውን ላይመልስ ይችላል። ለራስሽ ከሆነ፣ በየወሩ ከደመወዝሽ ትንሽ ትንሽ እያወጣሽ ከሆነ፣ አዎ። በሚገባ የተሠራ ሲጂ ዘይቱ እስከተቀየረ ድረስ አያስቸግርሽም። መጀመሪያ ፍሬን፣ ጎማና ኩሽኔታ፣ ቀጥሎ ሞተር፣ ከዚያ ኤሌክትሪክ። ቀለም መጨረሻ ነው። አባትሽንም ለቆጠራው ይዘሻቸው ሂጂ፤ ለቆራሌው ይሰጥ ብለው የሚያስቡ ሰው ጉድለት አያመልጣቸውም።

ጥያቄ፦ መቂ ከሚገኝ እርሻ ያገለገለ ያማሃ ኤጂ 100 ገዛሁ። እዚያ ሲነዳ ጥሩ ነበር። ተክለ ሃይማኖት ካመጣሁት ወዲህ ጉልበት አጣ፣ ካንዴላውም ቶሎ ቶሎ ይጠቁራል። ተታልዬ ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አልተታለልክም ብዬ አስባለሁ። መቂ 1,600 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት። አዲስ አበባ 2,400 ገደማ ነው። እዚህ አየሩ ስለሚሳሳ ያው ካርቡራተር ለሚገባው አየር ቤንዚን ያበዛል። መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን እጠብ፤ የእርሻ አቧራ ደፍኖት ሊሆን ይችላል። ካልተሻለው በካርቡራተሩ ውስጥ ያለችውን ዋናዋን ጂግለር (ቤንዚን የሚያልፍባትን ባለ ቀዳዳ ብሎን) በአንድ ቁጥር ባነሰች ቀይራት። ካንዴላው ወደ ቡና ዓይነት ቀለም ሲመጣ እዚያ ላይ አቁም።

አሮጌዋን ጂግለር ግን አትጣላት። ሞተር ሳይክሉን ወደ መቂ ስትመልሰው መልሰህ ግጠማት። እንደ ያንተ ያለ ባለ ሁለት ምት ሞተር ቤንዚን አንሶት በሙቀት ከተነዳ ፒስተኑ ይነክሳል።