ስፔን ሆስት ፋሚሊ ጋ ለምትገባው እህት፦ ከሻንጣው በፊት የምዝገባውን ነገር ጨርሺ

እህቴ ጥያቄሽን አሁን ነው ያየሁት። ለዓመት ኮርስ መስከረም ላይ ሳላማንካ እገባለሁ፣ ትምህርት ቤቱ ከስፓኒሽ ሌላ የማይችሉ ባልና ሚስት ቤት መድቦኛል፣ ምን ይዤ ልሂድ፣ የመጀመሪያው ሰሞን እንዴት ነው፣ በጾምስ ምን እበላለሁ ብለሻል። ከላይ የመለሱልሽ ጃኬት ያዢ፣ ዱዎሊንጎ አውርጂ ብለውሻል፣ ጥሩ ነው። እኔ የነበርኩት እዛው ሳላማንካ ባለችበት በካስቲያ ክልል ሌላ ከተማ ነው (ስሟ ይቆየኝ) እና አንቺንም የሚገጥምሽ ያው ነው ብዬ ነው የምጽፈው።

1. ቪዛሽ ከ6 ወር በላይ ስለሆነ ስፔን በገባሽ በ1 ወር ውስጥ ቲዬ የሚሉትን የነዋሪ ካርድ ማመልከት አለብሽ። ለካርዱ ፖሊስ ጋ ሲታ ማለትም ቀጠሮ ይዘሽ አሻራ ትሰጫለሽ፣ ብዙ ቦታ ደግሞ ከማዘጋጃ ቤት የተመዘገብሽበትን ወረቀት አምጪ ይሉሻል። ምዝገባው ኤምፓድሮናሚዬንቶ ይባላል፣ ባጭሩ ፓድሮን፣ የኛን ቀበሌ አስቢው። እሱን ለማግኘት ደግሞ በስምሽ የቤት ኪራይ ውል ስለሌለሽ የቤቱ ባለቤት እኔ ቤት ነው የምትኖረው ብላ መፈረም አለባት። ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

የኔ ሴኞራ፣ የቤቱ እመቤት ማለቴ ነው፣ ወርቅ ሴት ነበረች፣ ትኩሳት ሲይዘኝ ሌሊት ተነስታ ሾርባ የሰራችልኝ ሰው ናት፣ ፊርማ ስላት ግን ፊቷ ልውጥ አለ። ነገ፣ ከነገ ወዲያ፣ ልጄን ልጠይቃት፣ እያለች ቀኑ ይሄዳል። ቆይቶ ነው የገባኝ። አንዳንዱ ከተማሪ የሚያገኛትን ገንዘብ ለግብር አላሳወቀም፣ አንዳንዱ የመንግስት ድጎማ ስላለው ቤቱ ውስጥ የተመዘገበ ሰው ሲጨምር ይቀነስብኛል ብሎ ይፈራል፣ አንዳንዱ ራሱም ተከራይ ነው። ክፋት አይደለም ማለቴ ነው፣ ግን የነሱ ፍርሃት የኔን ካርድ አያሰራልኝም። ትምህርት ቤቱ ጋ ሄጄ ብነግራቸው "ይሄ በአንተና በቤተሰቡ መካከል ያለ ጉዳይ ነው" አሉኝ። ብሩን ሲቀበሉ እኮ መካከላችን ቁጭ ብለው ነበር!

እንደዛም ሆኖ ቀጠሮው እንዳያልፍብኝ ብዬ ያለ ፓድሮን ሄድኩ። ወረፋው ላይ ስም ይጠራሉ። ፓስፖርት ላይ ሰርኔም የሚለው ቦታ ያለው የአያቴ ስም ነው፣ ሴትየዋ እሱን በስፓኒሽ አፍ አጣማ ትጠራለች እኔ ቁጭ ብዬ የማን ስም ነው እላለሁ። ከጎጃም ወጥቶ የማያውቅ ሽማግሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ስፔን ፖሊስ ቢሮ ተጠርቶ ቀረ በተባለ ነበር አንድ የሞሮኮ ልጅ ስክሪኑን ባያሳየኝ። መስኮቱ ጋ ስደርስ ሴትየዋ ቀና ብላም አላየችኝም። ፓድሮን? አለች። የለኝም፣ ግን... ብዬ ልጀምር ስል ፓስፖርቴን በእስክሪብቶዋ ጫፍ ገፋ አድርጋ በመስታወቱ ስር መለሰችልኝ። በእጇ እንኳን አልነካችውም። አልገባኝም ስላት ያንኑ አረፍተ ነገር ጮክ ብላ ደገመችው፣ ስትጮህ የሚገባኝ ይመስል። ከኋላዬ ያለውን ጠራች፣ አለቀ። እስከዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል።

የፈታው ምን መሰለሽ፣ የሴኞራዋ ልጅ እሁድ ምሳ ስትመጣ የማዘጋጃ ቤቱን ፎርም ፕሪንት አድርጌ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ጮክ ብላ አነበበችላት፣ ፊርማው የኪራይ ውል እንዳልሆነና ስወጣ ከመዝገቡ ልታስሰርዘኝ እንደምትችል ነገረቻት። ሴኞራ ፈረመች፣ የመታወቂያዋን ኮፒ አያያዘችልኝ፣ ማዘጋጃ ቤት ወረቀቱን እዛው በቆምኩበት ሰጡኝ። ለሁለተኛው ቀጠሮ ያንኑ ቢሮ በሙሉ ፎልደር ሄድኩ፣ እና ያቺው ሴትዮ ናት፣ የሚጎድል ነገር ፈልጋ ፈልጋ አጣች።

ስለዚህ አንቺ ዛሬውኑ ትምህርት ቤቱን በኢሜይል ጠይቂ፦ "ላ ፋሚሊያ ሜ ፑዌዴ ኤምፓድሮናር?" ቤተሰቡ ፓድሮን ሊያስመዘግበኝ ይችላል ወይ ማለት ነው። በስልክ የነገሩሽን አትመኚ፣ በጽሁፍ ይላኩልሽ። አይሆንም ካሉ ሳትበሪ ቤተሰብ ይቀይሩልሽ፣ አንዴ ከገባሽ በኋላ መቀየር ልመና ነው። ሳላማንካ ዩኒቨርሲቲዋ ከ1218 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ፣ ተማሪ የለመደች ከተማ ናት፣ ወረቀት ግን የትም ወረቀት ነው።

2. ምግብ። ሥጋ አልበላም ብቻ ካልሻቸው ምስር ይሰሩልሻል፣ ውስጡ ቾሪሶ ይዋኛል፣ የአሳማ ቋሊማ ማለት ነው። የኔዋ "ቾሪሶውን አውጣና ምስሩን ብላ" ነው ያለችኝ፣ ከልቧ። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን "ሶይ ቬጋና" (ከእንስሳ የሚገኝ ነገር አልበላም) በያቸው ረቡዕና አርብ፣ በሁዳዴ ደግሞ በየቀኑ፣ ከዛ "ኒ ኻሞን፣ ኒ ኬሶ፣ ኒ ዌቮ" (የደረቀ የአሳማ ሥጋም፣ አይብም፣ እንቁላልም አልበላም) ብለሽ በጣትሽ ቁጠሪላቸው፣ ካልዘረዘርሽ ኻሞን ሥጋ ነው ብሎ የሚቆጥር የለም። ከገባቸው ግን አትራቢም፤ ጋስፓቾ የሚሉት ቀዝቃዛ የቲማቲም ሾርባ አለ፣ ሽምብራ በስፒናች አለ፣ ጠዋት ዳቦ በቲማቲምና በወይራ ዘይት አለ። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን እዚህ እንዳትከፍቱብኝ።) ቁርስ ለስሙ ነው፣ ምሳ 8 ሰዓት ተኩል፣ እራት ማታ 3 ሰዓት ተኩል፣ ቦርሳሽ ውስጥ ቆሎ ይኑር። ቅቤና ቋንጣ አትያዢ፣ ሥጋና የወተት ውጤት ከውጭ ወደ አውሮፓ ህብረት ይዞ መግባት ክልክል ነው፣ ጉምሩክ ካየው ይወስደዋል። በርበሬና ሽሮ ያዢ። ለስጦታ ቡና፣ ተቆልቶ የተፈጨ፣ ምክንያቱም እዛ ቤት የሚጠጣው አብዛኛውን ጊዜ ሜስክላ የሚሉት ነው፣ ከፊሉ በስኳር የተቆላ፣ ጥቁርና መራራ። የኔዋ የይርጋጨፌውን ቀምሳ "ይሄ ሻይ ነው" አለችኝ፣ ይቅር ብያታለሁ።

ሌላው ያው ትለምጂዋለሽ። ሰላምታቸው ሁለት ጉንጭ ነው፣ ሦስተኛውን አየር ላይ ነው የምትስሚው። ቤት ውስጥ በባዶ እግር መሄድ አይወዱም ነጠላ ጫማ ያዢ። ሻወር አታርዝሚ፣ ውሃው በጋዝ ሲሊንደር የሚሞቅ ከሆነ መሃል ላይ ያልቅና ሳሙናሽን ይዘሽ ትቀሪያለሽ። ጥር ላይ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ አንዳንድ ቤት ክብ ጠረጴዛ አለ እስከ መሬት ጨርቅ የለበሰ፣ ከስሩ ማሞቂያ ያለው፣ እግራቸውን ከተው ቲቪ ያያሉ። ነይ ካሉሽ አትግደርደሪ፣ እኔ ስፓኒሹን የለመድኩት እዛ ጠረጴዛ ስር እግሬን ከትቼ ነው፣ ክላስ ውስጥ አይደለም።

3. ወደ ወረቀቱ ልመልስሽና፣ የካርዱ ክፍያ 16 ዩሮ አካባቢ ነው፣ በፎርም 790 ኮድ 012 ባንክ ሄደሽ ትከፍያለሽ፣ ብዙ ባንኮች ደግሞ እንዲህ ያለ ክፍያ የሚቀበሉት ጠዋት ጠዋት ብቻ ስለሆነ ከቀጠሮሽ ቀን ቀደም ብለሽ ጨርሺው። በሌላ የሸንገን አገር ትራንዚት ካደረግሽ ቦርዲንግ ፓስሽን አትጣይ፣ መቼ እንደገባሽ ሊጠይቁሽ ይችላሉ። ፎርሙ ላይ ስምሽን ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ቃል በቃል ገልብጪ፣ ወረፋ ላይ ደግሞ ጆሮሽን ለአያትሽ ስም አቁሚ። ትምህርት ቤቱ ሲመልስልሽ እዚሁ ለጥፊው፣ ስፓኒሹን አይቼ አዎ ይሁን ሽወዳ እነግርሻለሁ።