የክትባት ክፍሉን አትልቀቂ

እህቴ፣ በጅማ በአንድ ጤና ጣቢያ የክትባት ክፍል ነርስ እንደሆንሽ ጽፈሻል። እድገታቸው የዘገየ ሕፃናትን ለመርዳት ሥራሽን ለቀሽ በልዩ ፍላጎት ትምህርት አዲስ ዲግሪ ልትጀምሪ አስበሻል። አባትሽ «ነርስነቱን ጥለሽ የሰው ልጅ ሞግዚት ልትሆኚ ነው?» ይላሉ። ታላቅ ወንድምሽ ዓረብ አገር ሂጂ ይልሻል። አንቺ ደግሞ ተበድሮ ማዕከል መክፈትም ያምርሻል።

ሥራሽን አትልቀቂ። ልዩ ፍላጎት ክቡር ሙያ ነው፤ ነገር ግን በዋናነት የሚያዘጋጅሽ ለትምህርት ቤት ነው። ከ3 ዓመት በታች ያሉት ትምህርት ቤት አይደርሱም፤ ያሉት እቤት፣ በእናታቸው ጀርባ ላይ ነው። ከዚያ ወርደው በቀጠሮ ባለሙያ ፊት የሚቀርቡት አንቺ ዘንድ ነው፦ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት፣ በ9 ወር፣ በ15 ወር። ይህን ወንበር ለቀሽ የት ልታገኚያቸው ነው?

ልጁን መርፌ ከመውጋትሽ በፊት እዪው፤ አንዴ ካለቀሰ ምንም አያሳይሽም። በ14 ሳምንት በደረቱ አስተኚው፦ ራሱን ቀና ያደርጋል? መዳፉ ይከፈታል ወይስ ሁልጊዜ አውራ ጣቱን ውጦ እንደተጨበጠ ነው? በ9 ወር ሳይደገፍ ይቀመጣል? በሁለቱም እጁ ዕቃ ያነሳል? ሁሌ በአንድ እጁ ብቻ የሚያነሳ ከሆነ እናቱ «ግራኝ ነው» ትልሻለች፤ ዓመት ሳይሞላው አንዱን እጅ መምረጥ ግን የሌላው እጅ መድከም ምልክት ሊሆን ይችላል። በ15 ወር የሚፈልገውን በጣቱ ይጠቁማል? ስሙ ሲጠራ ይዞራል? ካልዞረ ከሁሉ በፊት ጆሮው ይመርመር። ያለ ጊዜው የተወለደውን ዕድሜውን አስተካክለሽ ቁጠሪ፦ በ32 ሳምንት የተወለደ የ9 ወር ልጅ 8 ሳምንት ተቀንሶለት እንደ 7 ወር ልጅ ይታያል፤ እስከ 2 ዓመቱ እንዲሁ ነው።

የሚያመልጡሽ ከ15 ወር በኋላ ነው። መደበኛው ቀጠሮ ይሳሳል፤ የንግግር መዘግየት ጎልቶ የሚወጣው ደግሞ ያኔ ነው። ስለዚህ በየ6 ወሩ ቫይታሚን ኤ ሲሰጥ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ ጋር ተነጋገሪ፤ 2 ዓመት ሞልቶት ሁለት ቃል የማያያይዝ፣ 18 ወር አልፎት ያልተራመደ፣ ወይም የሚችለውን ነገር የተወ ልጅ ወደ አንቺ ይላክ። «አባቱም የተናገረው ዘግይቶ ነው» ሲሉሽ ተቀብለሽ አትሸኚ። ከገጠር የመጣችውን እናት በአፋን ኦሮሞ ጠይቂያት፤ ቋንቋውን ካላጠናሽ ከማንኛውም ሥልጠና በፊት እሱን ያዢ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለጅማ ልጆች ያስማሙትን ዴንቨር 2 የተባለ የሕፃናት እድገት መለኪያም አጥኚ።

ካገኘሽው በኋላ ሪፈር መጻፍ ብቻ አይበቃም። አንገቱ ያልጠና ልጅ በጀርባው ተንጋሎ ሲጋት ምግቡ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል፤ እናቱ ሳንባ ምች ይዞት እየተመላለሰች ምክንያቱን አታውቅም። ቀጥ አድርጋ እንድታስቀምጠው፣ አገጩን በትንሹ ወደ ደረቱ እንድታዘነብል፣ ግማሽ ማንኪያ ሰጥታ እስኪውጥ እንድትጠብቅ አሳዪያት፤ ከዚያ ማንኪያውን ለእሷ ስጪና እያየሽ ታድርገው። መቀመጫውንም እዚሁ ጅማ በርጩማ የሚሠራ አናጢ ይሠራዋል፦ ከጀርባው ሁለት ሳንቃ እንደ ግድግዳ ማዕዘን ይጋጠም፤ የመቀመጫው ጥልቀት ከቂጡ እስከ ጉልበቱ ጀርባ ካለው ርዝመት 2 ወይም 3 ሳንቲሜትር ይነስ፤ እግሩ ሙሉ በሙሉ ይረፍ፤ ጠረጴዛው ክርኑ ላይ ይድረስ። አናጢው «እንዲያድግበት» ብሎ ያሰፋዋል፤ ልጁ ተንሸራቶ ጀርባው ይጎብጣል። ልኩን አንቺ ለኪ።

አባትሽን በአክብሮት፣ ግን ሳትሸፋፍኚ ንገሪያቸው፦ ይህ የነርስ ሥራ ነው፤ ደሞዙም አልተቋረጠም። የእሳቸው ፍርሃት የጎረቤት አፍ ከሆነ፣ ያ የአንቺን ሙያ ሊወስን አይገባም። ወንድምሽ ዓረብ አገር ሂጂ የሚልሽ ስለ ዕዳ ከሆነ ዕዳው ስንት ብር እንደሆነ ይንገርሽ፤ በወር የምትችይውን ትከፍያለሽ። የአንቺን ዕድሜ በጅምላ አይጠይቅሽ። ማዕከሉን እርሺው፤ ይህ ችግር ያለባቸው አብዛኞቹ እናቶች የቤት ኪራይሽን ሊሸፍን የሚችል ክፍያ የላቸውም።

እኔ በጤናው በኩል ስለመጣሁ ሚዛኔ ወደዚያ ሊያደላ ይችላል፤ ግን አንድ ዓመት ሠርተሽ ዲግሪ ካሰኘሽ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒ አለ፤ መጀመሪያ እሱን ጠይቂ። እስከዚያ አንድ መዝገብ ክፈቺ፦ የተወለደበት ቀንና ሳምንት፣ ያየሽው፣ ለእናቱ ያሳየሻት፣ በ4 ሳምንት የሚመለስበት ቀን፣ ስልክ። ያልመጣውን ደውለሽ ጥሪው።