በሩ በዘሩ በኩል ነው

ከወልድያ የጻፍሽልኝ የሦስተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ሆይ፣ ስለ ዕፅዋት ዘይት የተማርሽው ትምህርት ልብሽን እንደ ማረከው ነግረሽኛል። «በዘይት ፕሮቲኖች ላይ መሥራት እፈልጋለሁ፤ ወንድሜ ግን ወሎ ውስጥ ይህ እንጀራ አይሆንም ይለኛል» ብለሻል።

ወንድምሽ ግማሽ እውነት ይዟል። «የፕሮቲን ተመራማሪ ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስትጠብቂ ታረጃለሽ። የዘርና የሰብል ባለሙያ ግን ይፈለጋል።

እስቲ ጥቂት የኑግ ፍሬ ወረቀት ላይ አድርገሽ በማንኪያ ጀርባ ጨፍልቂ። ወረቀቱ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ የቅባት ነጠብጣብ ይቀራል። ዘሩ ያንን ቅባት ያከማቸው በትእዛዝ ነው። ሪንክልድ 1 የተባለው ፕሮቲን ስኳርን ወደ ቅባት አሲድ፣ ማለትም ወደ ዘይት መሥሪያው፣ ለመለወጥ የሚያገለግሉትን ጂኖች ይቀሰቅሳል። ስሙ «የተጨማደደ» ማለት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1998 ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ጂን የተበላሸበት አረቢዶፕሲስ የተባለ ትንሽ የቤተ ሙከራ ተክል ሲመረመር ዘሩ ተጨማድዶ፣ ዘይቱም በ80 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። እኔን የሚገርመኝ ግን መቆጣጠሪያው ነው። በሴሉ ውስጥ ስኳር ሲያንስ ኪን 10 የተባለ ሌላ ፕሮቲን ሪንክልድ 1 ላይ ፎስፌት የተባለ ትንሽ ኬሚካላዊ ምልክት ይለጥፍበትና እንዲፈርስ ያደርገዋል፤ ስኳር ሲበዛ ኪን 10 ይታገዳል። ጓዳዋን ሳታይ ድግስ የምትጠራ ባለሙያ የት አለች?

አሁን ወደ እንጀራው። ከወልድያ ወደ መርሳ በሚወስደው መንገድ ስሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ፤ የተግባር ልምምድሽን እዚያ ጠይቂ። ደብዳቤሽ ላይ ስለ ሪንክልድ 1 አንድም ቃል አትጻፊ፤ የሚያነበው ሰው ማሳ ላይ የሚሰለፍና ውጤት የሚመዘግብ ረዳት ነው የሚፈልገው። ከዘር ዘይት በሄክሴን፣ ቅባት በሚያሟሟው ፈሳሽ፣ አውጥተሽ መመዘን ብትችይ ግን እሱን ጻፊ። የዘይት መጭመቂያ ፋብሪካዎችም የሚገዙትን ዘርና የሚሸጡትን ዘይት ጥራት የሚለካላቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል። ስታቲስቲክስን ችላ አትበይ፤ ብዙ የባዮሎጂ ምሩቃን የሚወድቁት እዚያ ነው።

ፕሮቲኑ የትም አይሄድብሽም። የብዙ ተክሎች የሪንክልድ 1 የአሚኖ አሲድ ቅደም ተከተል ዩኒፕሮት በተባለው የፕሮቲን መረጃ ድረ ገጽ በነጻ ይገኛል፤ ማታ ማታ ኮምፒውተር ላይ እያነጻጸርሽ እጅሽን አፍታቺ። በአዲስ አበባ ወይም በጎንደር በባዮቴክኖሎጂ ሁለተኛ ዲግሪ ስትጠይቂ የማሳ ልምድ ያለው አመልካች የምርምር ጥያቄው ከራሱ እጅ የወጣ ይሆናል። ኑግ ደግሞ በራሱ የአበባ ብናኝ አይዳቀልም፣ ንብ ይሻል፤ ለአዳቃይ ፈተና፣ ላንቺ ግን ጥሩ የመመረቂያ ርዕስ ነው።

ደብዳቤውን ከመላክሽ በፊት አሳዪኝ፤ ኑጉን በምን ሚዛን እንደ መዘንሽ መጻፍ አትርሺ።